ተራው የአንተ ነበር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ነው እንጂ ዛሬስ ከልቤ አይደለም። ስልኩን ሞክሬዋለሁ። አንተ ስልክ ላይ ከ«እሺ» እና ከ«እናያለን» ሌላ ቃል የለህም፤ እኔ ደግሞ ስበሽቅ ነገሬን ሳልጨርስ እዘጋዋለሁ። ወረቀት አይዘጋም። ስለዚህ ደንበኞቼን ነገ ኑ ብዬ መልሼ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ከጨርቅ አጽድቼ፣ ይኸው ተቀምጫለሁ። ደህንነትህን አልጠይቅም፤ ደህና ባትሆን ኖሮ ቀድመህ ትደውል ነበር።

አባባ ከታመመ አራት ወር ከአሥር ቀን ሆነው። የመጀመሪያውን ወር ነግሬሃለሁ። ስትሮኩ ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን አዛለው፣ አፉን ወደ አንድ ወገን አንሻፈፈው፣ ንግግሩን ድርግም አድርጎ አጠፋው። ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሞ ፈረንሳይኛ ያስተማረ ሰው፣ ተማሪዎቹ ሽበት አውጥተው እንኳ መንገድ ላይ፣ እንደ ክፍሉ በፈረንሳይ አጠራር፣ «ሙሴ! ሙሴ!» እያሉ ቆመው የሚያሳልፉት ሰው፣ ውሃ ሲጠማው ብርጭቆውን በዓይኑ ያሳየኝ ጀመር። ሐኪሞቹ «የሚባለውን ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ የጠፋበት መናገሩ ነው» አሉኝ። እኔም ቤት ወስጄ፣ ወንበሩን ስፌት መኪናዬ አጠገብ አድርጌ፣ እየሰፋሁ ስጠብቀው ከረምኩ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ይዤ እጥፋቱን በስፒል ስይዝ ከጀርባዬ ጠረጴዛ ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ፣ በጣት አንጓ። አብሮም «ዠ ሻንት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤት ሬዲዮ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል አባባ ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ድምፁ ያው የክፍል ድምፁ ነው፤ አልተንተባተበም፣ አልተንሻፈፈም። ስፒሉን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ እግሩ ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከዚያ ለማን ደወልኩ? ለአንተ። «ዠ ሻንት አለ!» ስልህ፣ «እዘፍናለሁ ማለቱ ነው፤ ካሴቱን መቼ ነው የሚያወጣው?» ብለህ ሳቅክ። ቀልደኛ ነህ። ያን ቀን ግን ስልኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የንግግር ሐኪሟን አታውቃትም። ልጅ እግር ናት፣ ዝግ ብላ ነው የምታወራው። ክፍሏ የሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ሥዕል የተለጠፈባቸው ካርዶች። ካርዶቹን አንድ በአንድ ታነሳለታለች። ቁልፍ። ድመት። ጃንጥላ። አባባ ጃንጥላውን ያያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይወጣም። ፈረንሳይኛ እንደተናገረ ስነግራት ግን ዓይኗ በራ።

«በቃል ተደጋግሞ የተያዘ ነገር አንዳንዴ ቀድሞ ይመጣል» አለችኝ። «ቋንቋው የትኛውም ይሁን፣ በመጣበት እንቀበለው። ዋናው ነገር ከአንዱ ቃል ወደሚቀጥለው መሻገሩ ነው። እዚያው አንዱ ላይ ከቆመ ግን…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ በሩ ላይ ባለው መስታወት በኩል ደጅ የተቀመጡትን ሰዎች አየች። ከዚያ ደንቡን ነገረችኝ። አንድ ሕመምተኛ አሥራ ሁለት ቀጠሮ አለው። ስምንተኛው ላይ ይፈተናል። ለውጥ ካላሳየ የቀረው ቀጠሮ ደጅ ለሚጠብቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሆስፒታሉ ከእሷ ሌላ በዚህ ሙያ የሚሠራ ሰው የለውም። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባባ ቀጣዩን ቃል ካላለ እንደዚሁ ብርጭቆ በዓይኑ እያሳየ ሊኖር ነው።

ደብተር ሰጠችኝ። በየቀኑ ምን እንዳለና መቀጠል አለመቀጠሉን እንድጽፍ። ደብተሩ አሁን አጠገቤ ስላለ ልቅዳልህ። ሰኞ፦ ዠ ሻንት፣ አልቀጠለም። ማክሰኞ፦ ዠ ሻንት፣ አልቀጠለም። ረቡዕ፦ ዠ ፊኒ (እጨርሳለሁ የሚለው)፣ አልቀጠለም፣ ጠረጴዛ መታ። ሐሙስ፦ እንደ ረቡዕ። ሃያ ስድስት ቀን እንዲህ ነው። ድሮ ያስተምርበት የነበረውን የግሥ ደብተር ከሣጥን አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁለት። ሁለተኛውን መስመር በጣቴ እያሳየሁ «ቀጥላ አባባ፣ ይኸው እዚህ ተጽፏል!» እለዋለሁ። እሱ ወረቀቱን አያይም። ፊት ለፊቱ ያለውን ባዶ ወንበር ያያል፣ ከዚያ በሩን ያያል፣ ከዚያ እንደገና ወንበሩን። እኔ ጣቴን መስመሩ ላይ ስጫን እሱ በግራ እጁ ጠረጴዛውን ይደበድባል። አልገባኝም ብሎ መስሎኝ ጮክ ብዬ እደግምለታለሁ፤ ጮክ ስል ይብስበታል።

አንድ ዓርብ ትዕግሥቴ አለቀ። «ዕድሜህን ሙሉ አፍህ አላረፈም! አሁን አንዲት ቃል ጨምርልኝ ስልህ እልህ ትጋባኛለህ?» ብዬ ጮህኩበት። የታመመ አባቴ ላይ። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ መኪናዬን አስነስቼ ሰፋሁ፤ ያን ቀን የሰፋሁት ሁሉ ተጣሞ ስለነበር በማግሥቱ ስፈታው ዋልኩ። ለማንም አልተናገርኩትም ነበር፤ አሁን ለአንተ ተናገርኩት።

የልጅነታችንን ነገር አንተ እንዴት እንደምታስታውሰው አላውቅም። እኔ የማስታውሰው የተዘጋ በር ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አባባና አንተ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ፣ ደብተሩ ይዘረጋል፣ በሩ ይዘጋል። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ከፍቼ ገባሁ። «እስቲ አንቺም በይ» አለኝ አባባ። አልኩ። በተዘጋው በር ከአባባ ድምፅ የለቃቀምኩትን አንድ ትንፋሽ ላይ ዘረገፍኩት። አባባ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀና ራሴን ዳሰሰኝ። «የአንቺ ምላስ ለዚህ አልተሠራም ልጄ፤ እጅሽ ግን ወርቅ ነው» አለኝ። እሱ እንዳመሰገነኝ ነው የቆጠረው። አንተም ሳቅክ፤ ያንን ደግሞ ረስተኸዋል ብዬ አስባለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠረጴዛው ሲንኳኳ የእማዬን ስፌት መኪና መርገጥ ጀመርኩ። ሆን ብዬ። ጨርቅ ባይኖረኝ ባዶውን እረግጠው ነበር። ስለዚህ ከእናንተ ትምህርት እኔ የማውቀው መጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለት ማንኳኳት፣ የአባባ ድምፅ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የመኪና ጩኸት ነው። እናንተ እዚያ ውስጥ እንዴት እንደምትጫወቱ ሰምቼ አላውቅም። መስማት ስላልፈለግኩ።

አንተ የሄድክበትን ቀን ግን እንግዶቹን እያስተናገድኩ በዓይኔ አይቻለሁ። ለአስተርጓሚነት ሥራ ልትፈተን ሳምንት ሲቀርህ አባባ እንግዶች ፊት «እስቲ ልስማህ» አለህ። አንዲቱን ቃል እንግዶቹ ማንኪያቸውን እስኪያስቀምጡ ድረስ አስደገመህ። አንተ ተነሳህና «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቃል አልመልስልህም» ብለህ ቦርሳህን አንጠልጥለህ ወጣህ። ማንም አልተከተለህም። እኔም አልተከተልኩህም፤ ሳህን እያነሳሁ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቴናን ታስታውሰዋለህ፤ ከአንተ ሁለት ክፍል ይቀድም የነበረው፣ በቁመቱ አንቴና ያላችሁት። ዛሬ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ለአውቶቡሱ መስኮቶች ያዘዘኝን መጋረጃ ሊረከብ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። አባባን ሲያይ ደንግጦ ቆመ፤ መታመሙን አልሰማም ነበር። «ሙሴ፣ እንደምን አደሩ?» ብሎ ጎንበስ ብሎ ጨበጠውና ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ መጋረጃውን ከመደርደሪያ እያወረድኩ ነበር። አባባ ትክ ብሎ አየው። ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳ።

«ዠ ሻንት።»

አንቴና ምንም ሳያስብ፣ ሰላምታ እንደሚመልስ ሰው፣ በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን መታ። «ቱ ሻንት።»

«ኢል ሻንት» አለ አባባ።

«ኑ ሻንቶን» አለ አንቴና።

«ቩ ሻንቴ።»

«ኢል ሻንት።»

መጋረጃው ሁሉ ከክንዴ ላይ ወለሉ ላይ ወረደ።

«ምነው? ተሳሳትኩ እንዴ?» አለኝ አንቴና።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ምን አደረግኩ? መለስኩላቸዋ! ሙሴ ሁሌም እንዲህ አይደሉ? አንዱን እሳቸው ይላሉ፣ ቀጣዩን ተማሪው። ካልመለስሽላቸው ቆመው ይጠብቁሻል እንጂ በጭራሽ አያልፉም። አንዴ አንድ ልጅ አልመልስም ብሎ ደወል እስኪደወል ድረስ ዝም ተባብለን ቀርተናል። እሱ አለቀሰ፣ እሳቸው አላለፉም።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሃያ ስድስት ቀን «አልቀጠለም» ብዬ የጻፍኩበት ሰው ተራ እየጠበቀ ነበር። አንደኛውን ብሏል፤ ሁለተኛው የእሱ አይደለም። ሰው ተራ ሲጠብቅ ጣቴን ወረቀት ላይ እየተከልኩ «በል! በል!» ስለው ምን ያድርግ? ጠረጴዛ ይመታል እንጂ። ደግሞ ያ ወንበር የማን እንደሆነ ታውቃለህ። አንቴና አይደለም ባለቤቱ። በር በሩን ሲያይ የከረመው አንተን ነው፣ ወንድም ጋሼ። «ካልጠራኝ አልመጣም» ትል አልነበር? በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ሲጠራህ ነበር፤ እኔ ነኝ ደብተር ላይ ስህተት ብዬ የጻፍኩት።

ያን ዕለት የደወልኩልህ ደስ ብሎኝ ነበር፣ መቼም ድምፄን ሰምተሃል። ለፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አንቴና መንገድ ላይ ነው የሚውለው፤ ፈተናው ቀን እንደማይኖር ነግሮኛል። «አትምጣ፣ ግድ የለም» አልኩህ። «ድምፅህን ብቻ በስልክህ ቅዳና ላክልኝ። ቱ ሻንት፣ ኑ ሻንቶን፣ ኢል ሻንት። ጥርስህን እየፋቅክም ቢሆን በለው።» አንተ ምን አልክ? «እናያለን።» አራት ቀን ጠበቅኩ። በአራተኛው ቀን መልእክት ላክህ፦ «በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ተማሪው ልታደርጊኝ ነው?» ዓይንህን በጨው ታጥበህ! አንጀቴ አረረ። ቃሉን ጠባቂ ሰው ብትሆን እሺ፤ ለእማዬ መቃብር ድንጋይ አሠራለሁ ያልከው ቃል አለ፣ በየወሩ እደውላለሁ ያልከው አለ። ከሁሉ መርጠህ የጠበቅከው «አልመልስልህም» ያልከውን ነው።

ስለዚህ እኔ ልማር ተነሳሁ። ምላሷ ለዚህ አልተሠራም የተባለችው። አንቴና አውቶቡሱን ለምሳ መናኸሪያ በሚያቆምበት ሰዓት እየሄድኩ፣ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ከጀርባው እቀመጣለሁ፤ እሱ መሪውን ያንኳኳል፣ እኔ የወንበሩን ጀርባ። መጀመሪያ «ሻንት»ን በእኛ ፊደል ጽፌ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

«ፊደል ማን ቁጠሪ አለሽ?» አለኝ። «አፍሽ ስንት ጊዜ ተከፈተ?»

«አንዴ።»

«በቃ፣ አንዴ አንኳኪ። አፍሽ በተከፈተ ቁጥር አንድ። ሙሴ የሚሉት ይህንን ነው።»

ከዚያ የአባባን ደብተር አሳየኝ። ቃሉ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ፊደል ይደረደራል፣ አንዱም አይነበብም። እኛ አገር የተጻፈ ይነበባል ብለን ነው ያደግነው። «ካልተነበበ ለምን ይጻፋል?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኔ ምን አውቄ፣ ሙሴን ጠይቂያቸው» አለኝ። «ሙሴማ ቢናገር እዚህ ምን አስቀመጠኝ?» አልኩት፤ ሁለታችንም እስኪደክመን ሳቅን። ይባስ ብሎ ከእነዚህ ዝም ካሉት ፊደላት አንዳንዱ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል አፍ ከፍቶ የሚጀምር ከሆነ ነቅቶ እዚያኛው ቃል ላይ ይለጠፋል። ኑ፣ እኛ ማለት፣ ብቻውን ኑ ነው። እንከፍታለን ሲሉ ግን ኑ፣ ዙ፣ ቭሮን ይሆናል፤ ሦስት ማንኳኳት። ያ «ዝ» የት ነበር እስካሁን? አለቃ ሲመጣ ብቻ ሥራ የሚይዝ ሠራተኛ ነገር ነው። ደሜ ፈላ፣ ግን ያዝኩት። ቤት ገብቼ ፔዳሉን እየረገጥኩ ኑ፣ ዙ፣ ቭሮን ስል የአንዲት ሴትዮ መጋረጃ ጫፉን ሁለቴ አጥፌው አጥሮ ከመስኮቱ ግርጌ በላይ ቀረ። ካሣ ሌላ ሰፋሁላት።

በጀመርኩ በአራት ቀኔ አንቴና «አሁን ከእኔም ሳትሻይ አትቀሪም» አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት አባባ አንኳኩቶ «ዠ ሻንት» ሲል፣ ከመኪናዬ ሳልነሳ «ቱ ሻንት» አልኩ። አባባ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን መልሶ ወደ በሩ ወሰደው። በሁለተኛው ቀን አጠገቡ ቆሜ አልኩት። ያው በሩን ያያል። ሦስተኛው ቀን ጠረጴዛውን ራሴ አንኳኩቼ አልኩት፤ እጁን አንስቶ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ወግድ አለኝ። ስህተት የለብኝም፣ አንቴና ምስክሬ ነው። ጉዳዩ የምላስ አይደለም። ለአራት ወር አጥቤው፣ አጉርሼው፣ ሱሪውን አልብሼው፣ አንተ የሌለኸው ከእኔ ከቆምኩት በለጥክ።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር። ሐኪሟ ካርዶቿን ወደ ጎን አድርጋ፣ ደብተሬን ከፍታ፣ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። ሦስተኛው ወንበር ከአባባ ፊት ለፊት ባዶውን ነው። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ፣ ቦርሳዬን አቅፌ።

«አባት፣ ሲመችዎት ይጀምሩ» አለችው።

አባባ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። «ዠ ፊኒ።» በሩን አየ። በመስታወቱ ውስጥ ደጅ የሚጠብቁት ሰዎች ጭንቅላት ይታያል።

«ቱ ፊኒ» አልኩ።

ዞር አላለም። ደገምኩ። ዞር አላለም። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ ስታሳርፍ አየሁ፤ ምን ልትጽፍ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሃያ ስድስት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

«አይመጣም!» አልኩ። ጮኼ ኖሯል፤ ደጅ ያሉት ሰዎች ቀና አሉ። «አባባ፣ በሩን አትይ፣ አይመጣም። ጠይቄዋለሁ፣ ለምኜዋለሁ፣ አይመጣም። ያለሁት እኔ ነኝ። ምላሴ ጥሩም ይሁን መጥፎ ያለው ይኸው ነው። ትቀበለኛለህ ተቀበለኝ፤ አለዚያ ተነስ ቤታችን እንሂድ!»

ሐኪሟ አፏን በእጇ ያዘች። አባባ አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ። ከታመመ ጀምሮ እንዲያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፤ ከታመመ ጀምሮ ብቻም አይደለም። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ እንደዚያ የጃንጥላው ጊዜ፤ ምንም አይወጣም ብዬ ዓይኔን ልነቅል ስል፣

«ቁጭ በይ» አለኝ።

በአማርኛ። በአራት ወር ውስጥ የመጀመሪያው። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አባባ እንደገና አንኳኳ። «ዠ ፊኒ።» «ቱ ፊኒ» አልኩት። «ኢል ፊኒ» አለ። ተራው የእኔ ነው፤ «ኑ ፊኒሶን» አልኩና ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። አባባ ራሱን ነቀነቀ። ከመጀመሪያው ጀመረ። እንደገና ሦስት አንኳኳሁ። እንደገና ከመጀመሪያው። ሐኪሟ «ግድ የለም አባት፣ በጣም ጥሩ ነው!» ስትለው ጣቱን አንስቶ ዝም አሰኛት። አሥራ አንድ ጊዜ አስደገመኝ፣ ወንድም ጋሼ። አሥራ አንድ! በሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣ ባዳ ፊት። በአሥራ ሁለተኛው አራት ጊዜ አንኳኳሁ፤ ኑ፣ ፊ፣ ኒ፣ ሶን። ያኔ «ቩ ፊኒሴ» ብሎ አለፈ። እኔ «ኢል ፊኒስ» ብዬ ዘጋሁት።

ሐኪሟ «ቀጠለ» ብላ ጻፈች። የቀረው ቀጠሮ የእሱ ነው፤ ሌላም ልታስጨምርለት ነው። እኔ ግን ከዚያ ክፍል ስወጣ ጆሮዬ ግሎ ነበር፤ ከደስታ እንዳይመስልህ። ከንዴት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ «ጎበዝ» አላለኝም። «ከዛሬ ጀምሮ አልመልስልህም» የሚለው ቃል እኔም አፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለምን እንደሄድክ ያን ቀን ገባኝ፣ ከልቤ ነው የምልህ። ዘጠኝ ዓመት ስወቅስህ የኖርኩትን ግማሹን እዚያ ኮሪደር ላይ ትቼልሃለሁ። ልወጣና ልሄድ ግን አልቻልኩም፤ ደረጃ አለ፣ ቀኝ እግሩ ደረጃ ላይ አይታመንም። ክንዱን ይዤ አወረድኩት።

አሁን በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ እንቀመጣለን። አማርኛውም እየመጣ ነው፤ «ውሃ» ይላል፣ «በቃ» ይላል፣ ከሁሉ አብዝቶ «አይደለም» ይላል። ድምፅ ቀድተህ እንድትልክ አልጠይቅህም፣ አያስፈልግም። በሩንም ማየት ትቷል።

ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም። አይመጣም ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እሱም አመነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቅ የኖረውን እኔ በተናደድኩበት አንድ ደቂቃ አስተውኩት። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይኸው ነው፤ ቀን ስሰፋም አይለቀኝም። ስለዚህ ና። ለእሱ ብለህ አልልህም፤ እኔን ውሸታም ለማድረግ ና።

እህትህ፣
መጋረጃ ሰፊዋ